ማሽን ዋስ ይሆናል ወይ?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አስራ አንድ ተኩል አካባቢ። ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ለዌብ አፕሊኬሽናችን ያዘጋጀችውን ለውጥ ላከችልኝ። «እባክህ ቶሎ እየው፣ ዛሬ መውጣት አለበት» የሚል መልእክት አብሮት አለ። ከፈትኩት። ኮድ የሚገመግመው ቦት ቀድሞኝ ጨርሷል፤ ሁሉም ምልክት አረንጓዴ ነው። ዶከርፋይሉ ላይ የተለወጠችው አንድ መስመር ብቻ ናት። ድሮ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች አንድ በአንድ እየጠራ ይቀዳ የነበረው ትእዛዝ አሁን «ፎልደሩ ውስጥ ያለውን በሙሉ ቅዳ» ይላል። አጭርና ጥሩ መሰለኝ። አፕሩቭ አድርጌው ወጣሁ። አንድ ደቂቃ የፈጀብኝ አይመስለኝም።

ሰኞ ጠዋት የዳታቤዛችን የይለፍ ቃል ማንም ሰው ሊያወርደው በሚችል ኢሜጅ ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንቴይነር ማለት አንድ አፕሊኬሽን ለመሥራት ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አንድ ላይ የሚታሸግበት መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዶከር ይፋ ከሆነ በኋላ በየቦታው የተለመደ ሆኗል። ዶከርፋይል የአስተሻሸጉ መመሪያ ነው፤ በመመሪያው መሠረት ታሽጎ የሚወጣው ደግሞ ኢሜጅ ይባላል። የይለፍ ቃሎቻችን ያሉበትን ፋይል ጊት እንዳይነካው ከልክለን ነበር። ጊት አይነካውም ማለት ግን ዶከርም አይነካውም ማለት አይደለም። ለዶከር ለብቻው «ይህን ተው» የሚል ዝርዝር ሊጻፍለት ይገባል፤ እኛ አልጻፍንም። በዚያ ላይ ኢሜጁን የምንገነባው በአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ላይ ሳይሆን በየራሳችን ላፕቶፕ ነበር። «በሙሉ ቅዳ» ሲባል ላፕቶፗ ላይ የነበረው የይለፍ ቃል ፋይልም አብሮ ተቀዳ።

ታዲያ ቦቱ አጠፋ? እኔ አጠፋ አልልም። የታወቀ የደኅንነት ክፍተት ያለበት ላይብረሪ ገብቶ እንደሆነ፣ ኮንቴይነሩ በሩት ሥልጣን ይሠራ እንደሆነ፣ ኮዱ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ ሚስጥር ይኖር እንደሆነ እንዲፈትሽ ታዞ ነበር፤ ፈተሸ። ከፊቱ በቀረበለት ኮድ ውስጥ ችግር አልነበረም። ችግሩ ያለው ከኮዱ ውጭ፣ በአሠራራችን ውስጥ ነው። ኢሜጁ በላፕቶፕ እንደሚገነባ ቦቱ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። ለዚያ ቀን የሚያስፈልገው እውቀት ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን አረንጓዴውን ምልክት አይቼ ጭንቅላቴን ቀድሜ ወደ ቤት ላክሁት።

እስካሁን የሚያሳፍረኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። አለቃችን «ይህን ማን ነው የሠራው?» ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ሰው ወደ ልጅቷ ዞረ። እኔም ዞርኩ። ለሙከራ ጊዜዋ ገና ሁለተኛ ወሯ ነበር። «ማሽኑም አሳልፎት ነበር» አልኩ፤ «እኔም አሳልፌዋለሁ» ለማለት ግን አፌ አልታዘዘልኝም። አንድ ሙሉ ቀን ዝም አልኩ። በማግስቱ ሄጄ ተናገርኩ፤ ሥራዋን አላጣችም። ያ አንድ ቀን ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ማሽኑን ላጣጥል አልተነሳሁም። እንደኛ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ ቦት በጣም የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ፤ ይሉኝታ የለውም። ታላቄ የሆነ ባልደረባ የጻፈውን ኮድ ሳይ ስህተቱን እንዴት ብዬ ልንገረው ብዬ የምሽኮረመምበትን ነገር እሱ ፊት ለፊት ይናገራል። አይደክመውም፣ ዓርብን ከማክሰኞ አይለይም፣ አያዳላም። የሰው ዓይን ደግሞ ያን ያህል የሚታመን አይደለም። ኸርትብሊድ የተባለውን የኦፕንኤስኤስኤል ስህተት ሰው ገምግሞ ነው ያሳለፈው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ድረስ ብዙ የኢንተርኔት ሰርቨሮች ተሸክመውት ኖረዋል። ስለዚህ «ሰው የተሻለ ያያል» ብዬ ብከራከር በቀላሉ እሸነፋለሁ።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ማን ይጠየቃል?

በአማርኛ ምስክርና ዋስ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ተናግሮ ሲጨርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዋስ ግን ነገሩ ሲበላሽ ይከፍላል። ዋስ ስንፈልግ ዓይኑ የሚያይ ሰው ብቻ አንፈልግም፤ የሚያጣው ነገር ያለው ሰው ነው የምንፈልገው። ቦቱ ጥሩ ምስክር ነው፤ ምናልባትም ከእኔ የተሻለ። ዋስ መሆን ግን አይችልም፤ የሚያጣው ስም፣ የሚያፍርበት ፊት፣ የሚያድርበት ጭንቀት የለውም። አፕሩቭ የምትለውን ቁልፍ ስነካ ዋስ እየሆንኩ ነው። የዚያን ዓርብ ግን የምስክሩን ቃል ወስጄ በዋሱ ቦታ አስቀመጥኩት።

እ.ኤ.አ. በ2024 የተገኘውን የኤክስዚ ጉዳይ ሳስብ ይህ ይበልጥ ይታየኛል። ብዙ የሊነክስ ሲስተሞች የሚጠቀሙበት አንድ ፋይል ማመቂያ ላይብረሪ ውስጥ ሆን ተብሎ የኋላ በር ተተክሎ ነበር። የተንኮሉ አንድ ቁልፍ ክፍል ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የጊት ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ ያለው ለስርጭት በተዘጋጀው እሽግ ውስጥ ብቻ ነበር። ማለትም ሰው የሚያየው ሌላ፣ የሚላከው ሌላ። የእኛም ችግር፣ ተንኮል ባይኖርበትም፣ ቅርጹ ያው ነበር። የኤክስዚውን ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ነው፤ ላይብረሪውን እንዲገመግም ያዘዘው ሰው አልነበረም። በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከነከነውና ምክንያቱን ፍለጋ ገባ። ግማሽ ሰከንድ! ብዙዎቻችን «ኔትወርኩ ነው» ብለን እናልፋት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። «እሺ፣ ሰው ዋስ ይሁን፤ ግን በቀን ስልሳ ለውጥ እያቀረባችሁለት፣ ግማሹን ማሽን ጽፎት፣ ሌላ ማሽን ገምግሞት፣ መጨረሻ ላይ 'አንተ ፈርመሃል' ማለት ፍትሕ ነው?» ማደሊን ክሌር ኢሊሽ የተባለች ተመራማሪ ይህን ከመኪና ፊት ጋር ታመሳስለዋለች። የመኪና ፊት ግጭት ሲመጣ ተጨማድዶ ውስጥ ያለውን ሰው ያድናል፤ በአውቶማቲክ ሲስተሞች ውስጥ ግን የሚጨማደደው ሰውየው ነው፣ የሚድነው ሲስተሙ። ልጅቷ ሰኞ ጠዋት የሆነችው ይህንኑ ነው። ሁላችንም ደህና እንድንሆን እሷ ልትጨማደድልን ነበር።

ለዚህ ያለኝ መልስ እዚያው ዋስ ከሚለው ቃል ውስጥ ነው። ዋስ «አልሆንም» ማለት ይችላል። እንቢ ማለት የማይችል ሰው ዋስ ሳይሆን መያዣ ነው። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ፊርማዬን ከፈለገ ለማየት የሚበቃ ጊዜና ለመከልከል የሚያስችል መብት ሊሰጠኝ ግድ ነው። እነዚህን ነፍጎ ስሜን ብቻ ከወሰደ ጥፋቱ የእሱም ነው። ይህ ግን የእኔን ዓርብ ነፃ አያወጣውም። ጊዜ ነበረኝ፤ መብቱም ነበረኝ። የቸኮልኩት ታክሲ ሰልፍ እንዳይረዝምብኝ ነው።

ሌላም ነገር ተማርኩ። ልጅቷ ስህተቱን እንዳየች የይለፍ ቃሉን ፋይል የሚሰርዝ አንድ ትእዛዝ መመሪያው መጨረሻ ላይ ጨምራ ነበር። አይሠራም። ኢሜጅ የሚሠራው በንብርብር ነው፤ ላይኛው ንብርብር ላይ የተሰረዘ ፋይል ከታች ባለው ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፤ አይታይም እንጂ አለ። ያለው መፍትሔ ኢሜጁን ማንሳት፣ የይለፍ ቃሉን መቀየር፣ እስከዚያ ድረስ ማን ገብቶ እንደነበር መመርመር ነው። እኔም «ማሽኑም አሳልፎት ነበር» ያልኩት እንደዚያው ነበር፤ ከላይ የተጨመረች የመሰረዣ መስመር።

አሁን ቦቱ አለ፣ ኢሜጁም የሚገነባው በአንድ ሰርቨር ላይ ነው፣ የክልከላው ዝርዝርም ተጽፏል። እኔ የቀየርኩት አንድ ትንሽ ነገር ነው። አፕሩቭ ሳደርግ ከሥሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ ያየሁት ይህን ነው፣ ያላየሁት ይህን ነው። አንዳንድ ቀን ያላየሁት ሲበዛብኝ ሳላጸድቅ እመልሰዋለሁ። ባለፈው ሳምንት የእኔን ለውጥ የገመገመችው እሷ ነበረች። ሁሉም አረንጓዴ ነበር። «ይቺን መስመር አልገባኝም፣ ሰኞ አስረዳኝ» ብላ መለሰችልኝ።