ጾሙን ተካፈሉለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ዘወረደ እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ሌላም ስም አለው፤ ጾመ ሕርቃል። ይህ ስም ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ614 የፋርስ ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ወርሮ ክርስቲያኖችን ፈጀ፣ ቅዱስ መስቀሉንም ማርኮ ወሰደ። የተረፉት ምእመናን ወደ ንጉሡ ወደ ሕርቃል ጮኹ። ሊረዳቸው ቢወድም፣ ነፍስ የገደለ ሰው ዕድሜ ልኩን እንዲጾም የሚያዘውን ሥርዓት አስቦ ፈራ። አባቶች እንደሚተርኩልን ምእመናኑ የንጉሡን ጾም ተከፋፍለው ጾሙለት። እርሱ ስለ እነርሱ ዘመተ፤ እነርሱም ስለ እርሱ ጾሙ።

እንግዲህ ወገኔ ሆይ፣ ጾማችንን የምንጀምረው ስለ ተሰደዱ ክርስቲያኖች በተጾመ ጾም ነው። አንዱ ሲራብ ሌላው ከጠገበ፣ አንዱ ሲታሰር ሌላው ምን አገባኝ ካለ፣ የሳምንቱን ስም ብቻ ነው የያዝነው ማለት ነው። ሐዋርያው የታሰሩትን አብረናቸው እንደታሰርን ሆነን እንድናስብ ያዘዘን ለዚህ ነው (ዕብ. 13፥3)።

የእኛም አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ523 አካባቢ በናግራን ክርስቲያኖች በእሳትና በሰይፍ ሲያልቁ፣ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ደርሶላቸዋል። የናግራን ሰማዕታት ኅዳር 26 ቀን ይታሰባሉ። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከመካነ ሰላሙም፣ ከአቅስታውም፣ ከተንታውም ስንቁን ይዞ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣው ሕዝብ ምን ሊሳለም ነው የሚወጣው? ግማደ መስቀሉን አይደለም? የግሸን ትውፊት እንደሚለው፣ የግብፅ ክርስቲያኖች መከራ ሲጸናባቸው ወደ ዐፄ ዳዊት ላኩ፤ ንጉሡም ተነሥቶ አስጣላቸው። ወርቅ ቢላክለት መልሶ፣ መስቀሉን ለመነ። እኛ ደጅ ያለው በረከት ለተሰደዱ ከመድረስ የተገኘ ነው።

ዛሬስ? ከየካቲት 2007 ዓ.ም. ብንነሣ፣ በዚያ ወር ሊቢያ ባሕር ዳር ሃያ የግብፅ ክርስቲያኖች ከአንድ ጋናዊ ጋር ታረዱ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ የራሳችን ልጆች ዜና መጣ። ሠላሳ ያህል ነበሩ። እንጀራ ፍለጋ የወጡ የድኻ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከአዲስ አበባው ቂርቆስ ሰፈር። ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታት ብላ ታስባቸዋለች። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በዚሁ በአገራችን፣ በጅግጅጋ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትም ተገደሉ።

አሳዳጅ ሁልጊዜ ከሌላ ሃይማኖት ይመጣል ብለን ግን አንታለል። አቡነ ሰላማ የታሰሩት እዚሁ መቅደላ አምባ ላይ፣ በክርስቲያን ንጉሥ እጅ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. እንደታሰሩ አረፉ። የኤርትራው ፓትርያርክ አቡነ አንጦንዮስም በ1998 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው፣ በ2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በቁም እስር ኖረዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ከቦረናም፣ ከለጋምቦም፣ ከወግዲም ስንት ልጅ ዐረብ አገር ሄዷል? ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ተይዘው ለወራት ታስረዋል። በሰው ቤት የምታገለግለው እኅታችን ጾሙን የምትጾመው ተደብቃ፣ የምታማትበውም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ነው። ፈርታ ማተቧን የበጠሰች ብትኖርስ? ከመፍረድ እንጠንቀቅ። እኛ እኮ ደወል እየሰማን የምንተኛ ነን! ጴጥሮስን በምሽት ካደ ብሎ ያልጣለው ጌታ እርሷንም አይጥልም። ስትመለስ "ምን ይዘሽ መጣሽ?" ከማለት በፊት "እንኳን በሕይወት መጣሽ" እንበላት። ወደ ንስሐ አባቷ እናድርሳት፤ ማተቧንም በክብር እንሰርላት።

ታዲያ በዚህ ጾም ምን እናድርግ?

መጀመሪያ እንጸልይ። በቅዳሴው ስለ ታሰሩትና ስለ ተሰደዱት ልመና ሲደርስ ሐሳባችን ገበያ አይሂድ፤ የምናውቀውን ሰው ስም በልባችን እንጥራ። ቀጥሎ ከምሳችን የተረፈውን ለራሳችን አናስቀር። ልጁ በስደት የሞተበት ወይም የታሰረበት ቤተሰብ በየአጥቢያው አይጠፋም። ሰንበቴውም ሆነ ሰበካ ጉባኤው ያንን ቤት ይጠይቅ፤ ጤፍም ቢሆን፣ የእርሻ ጉልበትም ቢሆን ይወሰድለት። ልጆቻችንም በደላላ ወሬ ተታልለው ከመውጣታቸው በፊት መንገዱ ምን እንደሆነ እውነቱን እንንገራቸው።

በመጨረሻም በቀልን ከልባችን እናውጣ። የወሎ ሰው ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋር በሠርግም በለቅሶም አብሮ የኖረ ነው። ሊቢያ ላይ ቢላ ያነሣው ሰው ኃጢአት የጎረቤቴ ዕዳ አይደለም። በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች ተቀብሎ ያስጠለለው የአክሱም ክርስቲያን ንጉሥ ነው። ስለ ተሰደደ ክርስቲያን የሚያለቅስ ሰው በደጁ ያለውን ሌላ አያሳድድም።

ወገኔ ሆይ፣ ሕርቃልን ያልተዉት ምእመናን ጾሙን ሲካፈሉ አንድም ሰው ሸክሙ አልከበደውም። ብዙ ሆነው ተሸክመውታልና። ዛሬ የአንድ ሰው ድርሻ አንሥተን እንጹም።

የናግራንና የሊቢያ ሰማዕታት በረከታቸው ይደርብን፤ በስደትና በእስር ያሉትን ቸሩ መድኃኔዓለም ለአገራቸው ያብቃልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።