የጫጩቶቹ ወንድሞች የት ሄዱ?

በሞሻቭ ወይም ጓሮ ባለው ቤት የሚኖሩ ወገኖቻችን እንቁላል የሚጥሉ አምስት ስድስት ዶሮዎች ለማርባት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚጠይቁን «ከየት እንግዛ?» ብለው ነው። በዕብራይስጥ ማድጌራ የሚባለው የጫጩት መፈልፈያ ይሻላል ወይስ ከጎረቤት? እኛም ስለ ዋጋው፣ ስለ ዝርያውና ስለ ክትባቱ የምናውቀውን እንናገራለን። ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት ግን በቀላሉ ልንመልሰው ያልቻልነውን ጥያቄ አመጡብን።

እኚህ እናት በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት ወደ አንድ መፈልፈያ ስልክ ደወሉ። ሰውየው «የምንሸጠው ሴት ብቻ ነው፣ አትስጉ፣ አውራ ዶሮ አይደርስባችሁም» አላቸው። እሳቸውም ልጁን «ወንዶቹስ የት ሄዱ? በለው» አሉት። ሰውየው ሳቀና ወደ ሌላ ነገር አለፈ። እሳቸው ግን አላለፉትም፤ ወደ እኛ መጡ። መልሱን እናውቀው ነበር፤ ለመናገር ግን አፈርን።

መልሱ ይህ ነው። ከእንቁላል ከሚወጡት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንድ ነው፤ በማሽንም ሆነ በእናት ዶሮ ክንፍ ሥር ያው ነው። በመፈልፈያው ወንዱና ሴቷ በተፈለፈሉበት ቀን ይለያሉ። በአንዳንድ ዝርያ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ሆኖ ስለሚወጣ በቀለም ይታወቃል፤ በሌላው በክንፍ ላባ አበቃቀል፣ ወይም ጃፓኖች በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ባስፋፉት ዘዴ ከጅራት ሥር ገልጦ በማየት ነው። ሴቶቹ ተከትበው በካርቶን ይሞላሉ። ወንዶቹ በዚያው ቀን በጋዝ ታፍነው ወይም በማሽን ተፈጭተው ይገደላሉ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 7 ቢሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ለሥጋ የተዳቀለ ዶሮ በስድስት ሳምንት ገደማ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የእንቁላል ዝርያ የሆነው ወንድ ግን ብዙ መኖ ጨርሶም ሥጋ አያወጣም፤ እንቁላልም አይጥልም። ስለዚህ የሚፈልገው የለም።

ነገሩን በስብሰባችን ስናነሳ አንድ ወንድማችን «ብንገዛም ባንገዛም ወንዶቹ ቀድመው ሞተዋል፤ ኃጢአቱ የእኛ አይደለም» አለ። ይህ አባባል መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን መፈልፈያው ዛሬ ማሽን ውስጥ የሚያስገባው እንቁላል ከ21 ቀን በኋላ ለሚመጣው ገዢ ነው። ያ ገዢ ደግሞ እኛ ነን። የሞተውን አንመልሰውም፤ የሚቀጥለውን ግን በገንዘባችን እናዝዛለን።

ሌላው ያነሳው ከባድ ነው። «በአገር ቤትስ ወንዱን አላረድንም ወይ? ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣና ነው የምናዝነው?» አለ። እውነቱን ነው፤ አርደናል። የአገራችንንም ኑሮ አሳምረን ልናወራ አንፈልግም። እናት ዶሮ አሥራ ሁለት ጫጩት ብትፈለፍል ግማሹን ጭላትና ሸለምጥማጥ ይካፈሉት ነበር። ፈንግል የገባ ዓመት ደግሞ የመንደሩ ዶሮ በአንድ ሳምንት ያልቅና ቆጡ ባዶውን ይቀራል። ከተረፉት ቄቦቹ ለእንቁላል ይቆያሉ፤ ወንዶቹ አድገው፣ ጭረው፣ ተጣልተው፣ ጮኸው፣ በመጨረሻ በሚያውቃቸው ሰው እጅ ይታረዳሉ፤ ደማቸው ወደ አፈር ይፈሳል፣ ሥጋቸው ቤተሰብ ያበላል። ለአንዲት ጫጩት ከሸለምጥማጥ ጥርስ የማሽኑ ፍጥነት ይሻላት ይሆናል። ስለዚህ ልዩነቱ የሕመም መጠን ብቻ ነው ካልን ክርክሩን እንሸነፋለን።

እኛ ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው እንላለን። አገር ቤት የታረደው ዶሮ የሚፈለግ ነበር። የመፈልፈያው ወንድ ግን ሰው አስቦ፣ ማሽን አሙቆ፣ ሕይወት ሰጥቶ ያመጣው ፍጥረት ሆኖ ሳለ በተወለደበት ሰዓት እንደ ገለባ ይጣላል። ኦሪት ዘዳግም ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን መውሰድ እንደሚችል፣ እናቲቱን ግን እንዲለቅ ያዛል። መውሰድን አልከለከለም፤ ለመውሰድ ግን ወሰን አበጀለት። ቀሶቻችን ይህንን ሲያስተምሩ ልጆች ሳለን የወፍ ነገር ይመስለን ነበር።

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ ከሱፐርማርኬት የምንገዛው እንቁላል?» የሚል አይጠፋም። ያው ነው። «ሖፌሽ» ተብሎ በውድ የሚሸጠውም እንቁላል ቢሆን ዶሮዋ የወጣችው በተለምዶ ከእንዲህ ያለ መፈልፈያ ነው። በጓሮው አምስት ዶሮ ያለው ሰው ከሌላው የባሰ በደል የለበትም። ነገር ግን እሱ ከሻጩ ጋር በስልክ ይነጋገራል፤ ከመደርደሪያ እንቁላል የሚያነሳ ሰው የሚጠይቀው የለም።

መፈልፈያን ጨርሶ እርም እንበል ማለታችን አይደለም። ፈንግልንና ማሬክ የሚባለውን በሽታ በክትባት የሚከላከል መፈልፈያ ለዶሮዋም ለልጆቻችንም ይጠቅማል። የማሬክ ክትባት በተፈለፈሉበት ቀን ካልተሰጠ በኋላ ብዙም አይረዳም፤ ስለዚህ ይህን ሳይጠይቁ መግዛት ሞኝነት ነው። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል፣ የተዳቀለችው ወደ 300 ትጥላለች፤ ልጅ ለሚያሳድግ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም ነገሩ የማይለወጥ አይደለም። ጀርመን ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የአንድ ቀን ወንድ ጫጩት መግደልን በሕግ ከልክላለች፤ በዚያ እንቁላሉ ገና ሳይፈለፈል ጾታው እየተመረመረ ይለያል። በአገራችን በእስራኤልም የቮልካኒ ተቋም ተመራማሪዎች ከእንቁላላቸው ሴት ጫጩት ብቻ የሚፈለፈልባቸውን ዶሮዎች በጂን ማስተካከያ ማፍራታቸውን በዲሴምበር 2022 አስታውቀዋል። ወንዱ በእንቁላሉ ውስጥ ገና በጅምሩ እድገቱ ይቆማል። ይህኛውስ መልካም ነው ወይ? በእኛ መካከል በዚህ ላይ ስምምነት የለም።

እስከዚያው የምንለው፣ ስትደውሉ እንደ እኚህ እናት ጠይቁ ነው። ክትባቱን ጠይቁ፣ ዝርያውን ጠይቁ፣ ወንዶቹን ምን እንደሚያደርጓቸውም ጠይቁ። መልስ የሚሰጠው ሻጭ፣ መልሱ የማያስደስት ቢሆን እንኳ፣ ከሚስቀው ይሻላል። ሳይለይ የሚሸጥ ካገኛችሁ ደግሞ ወንዶቹን እስኪያድጉ ማኖር ትችሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ አስቡ፤ በከተማ የምትኖሩም የከተማውን ቬተሪናር ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

እናታችን በመጨረሻ ሳይለይ ከሚሸጥ ትንሽ አርቢ ስምንት ጫጩት ገዙ። አምስቱ ሴት፣ ሦስቱ ወንድ ወጡ። ሁለቱን ሾሔት አረደላቸው። ሦስተኛውን ግን የልጅ ልጃቸው ስም ስላወጣለት አለ፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ይጮኻል፤ ጎረቤቶቹ እስካሁን ምንም አላሉም።