ጥንቃቄ የእምነት ማነስ ነውን?

«ጠባቂያችን እግዚአብሔር ከሆነ ይህን ሁሉ መጠንቀቅ ለምን?» የሚል ጥያቄ በኅብረታችሁ መካከል ተነሥቶ ያውቅ ይሆናል። ቅንነት ያለበት ጥያቄ ነው። መልሱን ፍለጋ ለጥቂት ጊዜ ከካምባ ወጥተን እንራቅ።

በሰሜን ካናዳ ማሊክ የሚባል ስፍራ አለ። ከላይኛው ስስ አፈር በቀር፣ መሬቱ በመቶዎች ለሚቆጠር ሜትር በጋ ከክረምት በረዶ ነው። ከዚያ በታች ሚቴን የተባለው ጋዝ በውሃ ቅንጣቶች ተከቦ፣ በረዶ መስሎ ተቀምጧል፤ ስሙን ጋዝ ሃይድሬት ይሉታል። ቅዝቃዜውና ግፊቱ እስካሉ ድረስ ጸጥ ብሎ ይኖራል። ሲሞቅ ወይም ግፊቱ ሲቀንስ ግን አንድ ሜትር ኩብ ሃይድሬት 160 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይለቃል። መሰርሰሪያ ደግሞ ያሞቃል። ሳይታሰብ ከቀለጠ ጋዙ ገንፍሎ ሊወጣ፣ የጉድጓዱም ግድግዳ በሠራተኞቹ ላይ ሊናድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2008 ተመራማሪዎች በማሊክ የሙከራ ሥራ አካሂደዋል። እንዲህ ላለ ቁፋሮ የሚዘጋጁ ሰዎች በረዷማውን መሬት አስቀድመው በቤተ ሙከራ ይሠሩታል። በወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ አሸዋና ውሃ ይጠቀጥቃሉ፤ ያቀዘቅዙታል፤ ሚቴን በከፍተኛ ግፊት ያስገባሉ። ሃይድሬቱ ሲፈጠር ሞቅ ያለ የቁፋሮ ጭቃ ያሳልፉበትና የት እንደሚቀልጥ፣ መቼ እንደሚላላ ይለካሉ። እዚያ ቢናድ የሚናደው አሸዋ ብቻ ነው። በእርግጥ በዕቃ የታጨቀ አሸዋ ያ ሰፊ ምድር አይደለም። ታማኝ ተመራማሪ ይህንንም አይደብቅም።

ታዲያ ይህ እግዚአብሔርን አለማመን ነውን? መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ከፍታዎችን ያሳየናል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ፈታኙ ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራሱን እንዲወረውር ይጠይቀዋል፤ መላእክት ይይዙሃል ይለዋል። ጌታ ግን እንዲህ ያለው ድርጊት አምላክን መፈታተን እንደሆነ ገልጾ እንቢ አለ። በዘዳግም 22፥8 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል፤ ሰው ቢወድቅ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። እንግዲህ እግዚአብሔርን የሚፈታተነው ሳያስፈልግ የሚዘል ነው። መከታ የሚሠራው ግን ስሙን ለማያውቀው እንግዳ እንኳ እየራራ ነው። የሚፈትነው አምላኩን ሳይሆን የገዛ እጁን ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በእነርሱ ላይ ወረደ። ስለ ፍቅር የሮጠን ማን ይወቅሳል? ወንድሙ ከጭቃ በታች ሆኖ ቆሞ አፈር የሚለካ የለም። ለዚህ ነው መለካቱ አስቀድሞ፣ ፀሐይ ወጥቶ ዝናቡ ሳይመጣ መሠራት ያለበት፤ ጊዜ ያለን እኛ ነንና።

በካምባ ተራራማ መሬት ላይ የሚያድግ ወጣት ነገ መሐንዲስ፣ ጤና ባለሙያ ወይም ግንበኛ ይሆናል። ድልድይ ስትሠሩ፣ ተዳፋት ስትቆርጡ፣ የጸሎት ቤት ስትገነቡ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ይህ ቢናድ ከሥሩ ያለው ማን ነው?» መልሱ ሰው ከሆነ፣ አስቀድማችሁ በትንሹ ሞክሩ፤ ያላወቃችሁትንም ሳታፍሩ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ጸልዩ። ከዚያ በፊትም ጸልዩ። ጸሎታችሁ ግን መከታውን ላለመሥራት ምክንያት አይሁን።