ስዕላዊ አደራጆችና የመረዳት ጥያቄ

አንድ ተማሪ ምንባቡን ሳይደናቀፍ አንብቦ፣ ፍሬ ነገሩ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ ሊያጣ ይችላል። ቃላቱን ያውቃቸዋል፤ ሐሳቦቹ እርስ በርስ የተያያዙበትን መንገድ ግን አላየም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ ትንቢተ ኢሳይያስን ሲያነብ ያገኘውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የጠየቀው ስለዚሁ ነው፤ ጃንደረባውም መሪ እንደሚያስፈልገው አልሸሸገም። ስዕላዊ አደራጅ፣ ማለትም የምንባብን ሐሳቦች በሠንጠረዥ፣ በሣጥንና በቀስት የሚያሳይ ንድፍ፣ ከመሪው ሥራ ምን ያህሉን ሊሸከም ይችላል?

ንድፍን ለንባብ ማዋል የቆየ ጥበብ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሣርያው አውሳብዮስ የአራቱን ወንጌላት ክፍሎች በቁጥር ለይቶ በ10 ሠንጠረዦች አሰለፋቸው። የመጀመሪያው አራቱም የሚጋሩትን፣ የመጨረሻው እያንዳንዱ ለብቻው የያዘውን ያሳያል። በአድዋ አቅራቢያ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታዊ የግዕዝ ወንጌላት ሠንጠረዦቹን በዓምድና በቅስት አስጊጠው ይዘዋል። ሠንጠረዡ አይተረጉምም፤ አንባቢውን ከማቴዎስ ወደ ሉቃስ ይመራዋል እንጂ። ወንጌላውያኑ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን መመዘን የአንባቢው ድርሻ ነው።

ይህ በመምራትና በመመዘን መካከል ያለው ልዩነት በመማሪያ ክፍልም ይሠራል። ስለ መንዝ ጓሳ የሣር ምድር የሚናገር ምንባብ ይወሰድ። አስቦና ጌራ ከተባሉ አባቶች የተወለዱት የጓሳን ሣር ለዓመታት ከልክለው፣ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ በጋራ ያጭዱት ነበር፤ ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ተማሪው «ክልከላ»፣ «አዋጅ»፣ «ጉዳት» የሚሉ 3 ሣጥኖች ሠርቶ በቀስት ያገናኛቸዋል። ሁለተኛው ቀስት ግን «ምክንያት» ማለት ነው ወይስ «ቀጥሎ መጣ» ማለት? ይህን ለመለየት ወደ ምንባቡ መመለስ ግድ ይለዋል። የንድፉ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ በንባብ ፍጥነት ተሸፋፍኖ ያለፈውን ክፍተት ገልጦ ያሳያል።

ወሰኑም እዚያው ይታያል። የጓሳ መብት በትውልድ ሐረግ የተወሰነ ስለነበር ከዘሩ ያልሆነው ድርሻ አልነበረውም። ሣሩን የጠበቀ ሥርዓት ለሰው ፍትሐዊ ነበርን? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ቀስት የለም። መረዳት ዝምድናን ማየትና ያዩትን መመዘን ነው፤ ንድፍ ለመጀመሪያው ያግዛል፣ ሁለተኛው የአእምሮና የኅሊና ሥራ ነው። የአንድምታ መምህራን ለአንድ ንባብ «አንድም» እያሉ ትርጓሜ በትርጓሜ ላይ የሚያክሉት አንዱ ፍቺ ሌላውን እንዳይዘጋው ነው፤ አንድ ሐሳብ ብቻ የሚይዝ ሣጥን ግን ይህን በር ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ መምህሩ ጨርሶ የሳለውን ንድፍ መገልበጥ ብዙ አያስተምርም፤ መድረሻውን እንጂ መንገዱን አይሰጥምና። ተማሪው ራሱ ይሳል፤ ለእያንዳንዱ ቀስት ከምንባቡ ማስረጃ የሆነውን ዐረፍተ ነገር ያሳይ፤ ምንባቡ ሁለት ፍቺ ሲሸከም ሁለቱንም ያስፍር። ንድፉ ወደ ምንባቡ እስከመለሰው ድረስ የመረዳት አጋዥ ነው፤ ምንባቡን ከተካ ግን ሌላ የሚሸመደድ ነገር ይሆናል።