ያባት ዕዳ ለልጅ?

«ያባት ዕዳ ለልጅ፣ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላሉ አበው። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ተበድሮ ሳይከፍል ስለ ሞተ ሰው ሲወራ ነው። ቤቱን የወረሰ ዕዳውንም ይወርሳል፤ በዚህ የሚከራከር ጥቂት ነው። ግን አያት ትቶት የሄደው ዕዳ ገንዘብ ባይሆንስ? የሰው ደም ቢሆንስ? ሲፈጸም ያላየውን፣ በዚያን ጊዜ ጭራሽ ያልተወለደውን የልጅ ልጅ ምን እንበለው?

ይህን ጥያቄ የቀሰቀሰብኝ በውሰት ያገኘሁት መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ የምንዋዋስ ጥቂት ወዳጆች አለን። በተገናኘን ቁጥር «ሰሞኑን ምን አነበብህ? አንቺስ ምን አገኘሽ?» መባባል ልማዳችን ነው። ከመካከላችን አንዷ «አንብበውና እንጣላለን» ብላ አንድ መጽሐፍ ሰጠችኝ። እውነቷን ነው፤ አንብቤ እንደ ጨረስሁ ተጣላን።

የመጽሐፉ ደራሲ ጄኒፈር ቴገ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1970 ሙኒክ ውስጥ ከጀርመናዊት እናትና ከናይጄሪያዊ አባት ተወለደች። ገና የአራት ሳምንት ጨቅላ ሳለች ለሕፃናት ማሳደጊያ ተሰጠች፤ ኋላም አንድ ቤተሰብ ወስዶ አሳደጋት። ካደገች በኋላ እስራኤል ሄዳ ተማረች፤ ዕብራይስጥ ለመደች፤ ወዳጆችም አፈራች። እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ38 ዓመቷ፣ ሐምቡርግ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ከመደርደሪያ ላይ አንድ መጽሐፍ አነሣች። ሽፋኑ ላይ ያለችው ሴት እናቷ ናት። ገጹን ስትገልጥ ማንም ነግሯት የማያውቀው ነገር ወጣ። የእናቷ አባት አሞን ጎት ነው፤ በፖላንድ የፕላሾቭ ማጎሪያ ካምፕ አዛዥ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1946 ክራኮቭ ላይ በስቅላት የተቀጣው ሰው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን «የሺንድለር ዝርዝር» የተሰኘ ፊልም ያየ ሁሉ ይህን አዛዥ አይረሳውም፤ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ እስረኞችን እንደ አውሬ ሲያድን የሚታየው እርሱ ነውና። እርሷ ራሷ በ2013 ያሳተመችው መጽሐፍ ርዕስ «አያቴ ቢሆን ኖሮ በጥይት ይገድለኝ ነበር» የሚል ነው። ጥቁር የልጅ ልጁን በእርግጥም አይምራትም ነበር።

መቼም የዘር ሐረግ ለሚቆጥር ሰው ጀርመን የተመቸ አገር ነው። አብያተ ክርስቲያናት ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ ሲያሰፍሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1876 መባቻ ጀምሮ ደግሞ የመንግሥት መዝገብ ሹም በመላው የጀርመን ግዛት ይህን ሥራ ያዘ። ከሐምቡርግ ወደብ ወደ ባሕር ማዶ የተሳፈሩት ሰዎች ስም ከ1850 እስከ 1934 ድረስ በመርከብ ዝርዝር ላይ ይገኛል። ዛሬ አንድ የሚልዋኪ ነዋሪ የቅድመ አያቱን መንደር በዚህ መንገድ ፈልጎ ቢያገኝና እንባው ቢመጣ ማን ይፈርድበታል? ከየት እንደ መጣ ማወቅ የማይሻ ማን ነው?

ነገር ግን ያ መዝገብ ሌላም ሥራ ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1933 የናዚ መንግሥት ባወጣው ሕግ መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ የአያቶቹን ዘር ማስረዳት ግዴታው ሆነ። ሰዉ የአያቱንና የቅድመ አያቱን የጥምቀት ወረቀት ፍለጋ ወደየደብሩ ጎረፈ። የዘር ሐረግ የሚሞላበት እንደ ፓስፖርት ያለ ደብተርም በየመጽሐፍ መደብሩ ይሸጥ ነበር። የኤስ ኤስ መኮንን ለመሆን የሚሻ ዘሩን እስከ 1750 ድረስ መቁጠር ነበረበት። በ1935 የወጡት የኑረምበርግ ሕግጋት ደግሞ ሦስት አያቶቹ የአይሁድ እምነት ማኅበር አባላት የነበሩትን ሰው፣ እርሱ ራሱ ተጠምቆ ክርስቲያን ቢሆን እንኳ፣ አይሁዳዊ ነው ብለው ፈረዱበት። የሕፃናትን ስም ለበረከት ይጽፍ የነበረው መዝገብ ማን ይኑር፣ ማን ይሙት የሚባልበት ሆነ። ቀለሙ ያው ነው፤ የተለወጠው አንባቢው ነው።

ከጦርነቱ በኋላም አንባቢው እንደገና ተለወጠ። ካትሪን ሂምለር የተባለችው ጸሐፊ የኤስ ኤስ አለቃ የነበረው የሃይንሪሽ ሂምለር ወንድም የልጅ ልጅ ናት። በቤታቸው የሚነገረው ወሬ «ሃይንሪሽ ክፉ ነበረ፤ የእኛ አያት ግን ሥራውን ብቻ የሚያውቅ መሐንዲስ ነበር» የሚል ነው። አንድ ቀን አባቷ ስለ አያቷ የተጻፈ ነገር ካለ በፌዴራሉ ቤተ መዛግብት እንድትፈልግለት ጠየቃት። ያገኘችው ሌላ ሰው ነው፤ አያቷ ገና ናዚዎች ሥልጣን ሳይዙ ፓርቲያቸው ውስጥ የገባ አማኝ ነበር። ይህን እ.ኤ.አ. በ2005 መጽሐፍ አድርጋ አወጣችው።

እርሷ ያደረገችውን የሚያደርግ ግን ብዙ አይደለም። ሃራልድ ቬልሰርና ባልደረቦቹ የ40 ጀርመናዊ ቤተሰቦችን ሦስት ትውልድ አነጋግረው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 «አያቴ ናዚ አልነበረም» የሚል ርዕስ ያለው ጥናት አሳትመዋል። በጥናቱ የሚያስደነግጠው፣ አያቶች የሠሩትን ክፉ ነገር በገዛ አፋቸው እየተናገሩ እንኳ የልጅ ልጆቹ ታሪኩን ሲደግሙት መልካም አድርገው መለወጣቸው ነው። ዝም ብሎ ያየው አያት በልጅ ልጁ አፍ የሰው ነፍስ ያዳነ ይሆናል። ልጆቹ ውሸታሞች ሆነው አይደለም። በትምህርት ቤት ስለ ናዚ ዘመን ግፍ በሚገባ የተማሩ ናቸው፤ ወንጀሉን ያውቁታል። ግን አያታቸውን ይወዳሉ። ፍቅር ይዋሻል።

እንግዲህ ከወዳጄ ጋር ያጣላን ነገር ይህ ነው። እርሷ «ቴገ ምን አጠፋች? በሕፃንነቷ የተጣለችን ሴት የአያቷን ሬሳ ተሸከሚ ማለት ግፍ ነው፤ መዝገቡን ዘግታ ትኑር» አለች። እኔ ደግሞ መዝገቡን መዝጋት አይቻልም ባይ ነበርሁ። «አንተ ሰውን በዘሩ ልትፈርድ ነው ማለት ነው? ታዲያ ከእነዚያ በምን ተለየህ?» ስትለኝ አፌ ተያዘ። ቤቴ ገብቼ ነው መልሱን የፈለግሁት።

ጀርመኖች በደልንም ዕዳንም የሚጠሩት «ሹልድ» በሚል በአንድ ቃል ነው። እኛ ሁለት ቃል አለን፤ በደል ሌላ፣ ዕዳ ሌላ። ፈላስፋው ካርል ያስፐርስ ሚስቱ አይሁዳዊት በመሆኗ እ.ኤ.አ. በ1937 ከማስተማር ሥራው የተባረረ ሰው ነው። በ1946 ባሳተመው መጽሐፉ ያንን አንድ ቃል በአራት ከፈለው፤ ፍርድ ቤት የሚቀጣው ወንጀል፣ ዜጋ በመሆን ብቻ የሚመጣ የፖለቲካ ኃላፊነት፣ ሰው ከኅሊናው ጋር የሚሟገትበት የሞራል በደል፣ እንዲሁም በእግዚአብሔር ፊት ብቻ የሚታይ በደል። ሕዝብ በጅምላ ወንጀለኛ አይባልም፤ መንግሥቱ ያጠፋውን ግን ዜጋው ሁሉ ይከፍላል ይላል። ምዕራብ ጀርመንም እ.ኤ.አ. በ1952 ለእስራኤል 3 ቢሊዮን ማርክ ለመክፈል ስትፈርም ይህንኑ አደረገች። የከፈለው ግብር ከፋይ ነው፤ ከከፋዮቹም ስንቱ ጦርነቱ ሲካሄድ ሕፃን ነበር።

ለዚህ ነገር ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በአገራችን ገጠር ደም የሚፈላለጉ ሰዎች ገዳዩን ሲያጡ ወንድሙን ይገድላሉ። ይህ በደልን በዘር ማውረድ ነው። ሽማግሌ ገብቶ ሲያስታርቅ ግን የገዳዩ ዘመድ ሁሉ አዋጥቶ የደም ካሳ ይከፍላል። ይህ ዕዳን በዘር ማውረድ ነው። ከአንድ ግድያ የመጡ ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ደምን ያስቀጥላል፣ ሁለተኛው ያቆመዋል። ካሳ ያዋጣውን አጎት ማንም ነፍሰ ገዳይ አይለውም።

ለወዳጄ የምመልሰው እንግዲህ ይህን ነው። ቴገ በደል የለባትም። ጣቷ ያልነካውን ደም ከእጅሽ ታጠቢ የሚላት ሰው ከዘር ቆጣሪዎቹ ወገን ነው። ዕዳ ግን አለባት፤ እርሱም እውነቱን አውቆ እንደ ነበረ መናገር ነው። ይህን ዕዳ ከሟች ቤተሰብ በስተቀር ማንም ሊከፍለው አይችልም፤ ደብዳቤው፣ ፎቶግራፉ፣ በማዕድ ዙሪያ የተነገረው ሁሉ ያለው በእነርሱ እጅ ነውና።

ወዳጄ «ለምን እርሷ ብቻ?» ብትለኝ ደግሞ፣ ሁላችንም ነን እላታለሁ። ያያቱን ጀግንነት እያነሣ ደረቱን የሚነፋ ሰው በየቤቱ ሞልቷል። እኔም አንዱ ነኝ። ያልዘመትሁበትን ዘመቻ «ዘመትን» እላለሁ። ያልሠራሁት ጀግንነት የሚያኮራኝ ከሆነ ያልሠራሁት ግፍ ስለምን አያሳፍረኝም? ሰባት ቤት ስንቆጥር በየመካከሉ ባሪያ የሸጠ፣ የደካማ ርስት የነጠቀ የለም? ዘር ቆጠራችን በአብዛኛው በቃል ነው፤ ቃል ደግሞ የማይወደውን ስም መዝለል ይችላል። ክብሩን ወርሶ ዕዳውን መካድ በገንዘብ ቢሆን ማጭበርበር ይባል ነበር።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ያሳስበኛል። ቴገ ያንን መጽሐፍ ያገኘችው በአጋጣሚ ነው። እናቷ አልነገረቻትም፤ የምታውቃትና የምትወዳት ሴት አያቷም አልነገረቻትም። 38 ዓመት ሙሉ ዘመድ ያልነገራትን የነገራት መደርደሪያ ነው። ስለዚህ «ይህን አንብብ» ብሎ መጽሐፍ ማቀበል ቀላል ሥራ አይመስለኝም። አንዳንዴ ቤተሰብ የደበቀውን ዕዳ ማስታወስ ይሆናል፤ የሚያቀብለው ሰውም ተጣልቶ ለመታረቅ መዘጋጀት አለበት።

መጽሐፉን ለወዳጄ መልሼላታለሁ። በምትኩ የካትሪን ሂምለርን ሰጥቻት «አንብቢውና እንጣላለን» ብያታለሁ። እርሷ እስክትጨርስ እኔ እናቴ ዘንድ ሄጄ፣ ስለ አያቴ ሲወራ ሁልጊዜ የምንዘልለውን ያንን ዘመን ልጠይቃት አስቤአለሁ።