ማስቀመጥ ወይስ መሸጥ?

የሰው ልጅ በእጁ የገባውን ዕቃ ሁሉ የራሱ አድርጎ መቍጠር ልማዱ ነው። ነገር ግን በእጅ መግባት አንድ ነገር ነው፤ የራስ መሆን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ከማንም ይልቅ ጠንቅቆ ማወቅ የሚገባው አሮጌ ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የእህል ነጋዴ ጤፉን ልሽጠው ወይስ ላቆየው ብሎ ቢያመነታ የሚያስጨንቀው የገበያው ዋጋ ብቻ ነው። አሮጌ ዕቃ ግን ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስለ ሆነ፣ የሚገዛው ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ታሪኩንና አደራውንም አብሮ ይረከባል።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ወጣት ነጋዴ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ እየተዘዋወረ የብር ድሪ፣ የአንገት መስቀል፣ ማርትሬዛ ብር፣ የቀንድ ዋንጫና አሮጌ ሙዳይ ይገዛል እንበል። በሐምሌ እህል ሲወደድ አንዲት ባልቴት ከመቀነታቸው ፈትተው ድሪ ያወጡለታል። «ልጄ፣ ይህ የእናቴ የጥሎሽ ድሪ ነው። ቸግሮኝ ነው እንጂ የሚሸጥ አልነበረም» ይሉታል። እርሱም «እናቴ፣ እኔ የምገዛው በሚዛን ነው» ብሎ በብሩ ክብደት ልክ ከፍሎ ይወስደዋል። ማታ ከቤቱ ገብቶ በመብራት ሲያየው ግን ዛሬ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ አንጥረኛ በቀላሉ የማይገኝለት ያማረ የእጅ ሥራ ሆኖ ያገኘዋል። እንግዲህ ሦስት መንገድ ከፊቱ ተደቅኗል። ለአንጥረኛ ሰጥቶ ቢያቀልጠው የከፈለውን ከነትርፉ ያገኛል። አዲስ አበባ ወስዶ ለባህል ዕቃ መደብር ቢሸጠው ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ውበቱን ወድዶ ከሣጥኑ ቢያኖረው ደግሞ የራሱ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከሦስቱ የትኛው ይሻላል?

ብዙ ሰው ቸኩሎ፣ ማስቀመጥ የጨዋ ሥራ ነው፣ መሸጥ የስግብግብ ሥራ ነው ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ግን ሚዛን ይጐድለዋል። ነጋዴ ልጆቹን የሚያሳድገው በመሸጥ ነው፤ የገዛውን ሁሉ ወድዶ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚበላው አያገኝም። ደግሞም ገዢ ያላገኘ ሙዳይ የብል ቀለብ፣ በጓዳ የተረሳ ብራና የአይጥ መጫወቻ ይሆናል። ሥራውን የሚያውቅ ነጋዴ ባይኖር ኖሮ ብዙ ድሪና መስቀል ከእሳት ባልዳነም ነበር። በሌላ በኩል ማስቀመጥም ራሱ ስግብግብነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህም ከታሪክ ማስረጃ እናገኛለን።

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እያስጐተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጓዙት በዚሁ በጋይንት ምድር፣ በጨጨሆ በኩል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን በዘበዘ። የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደና ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ከአንድ ወታደር እጅ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዛ። ወታደሩ የሸጠው የያዘውን ነገር ክብር ሳያውቅ ነው። ሆምስ ግን ዐዋቂ ሰው ነበር፤ እውቀቱም ሌላ ፈተና አመጣበት። የጐንደር ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት የሚዘምቱት፣ መኳንንቱ በፊቱ የሚምሉበት ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል በእጁ ገባ። ይህን ሥዕል ለላከው ሙዚየም እንኳ ሳይሰጥ ለራሱ አስቀረው። ሕዝብ የሥዕሉን መኖር ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1905 በአንድ የኪነ ጥበብ መጽሔት ላይ ከታተመ በኋላ ነው። ሆምስ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ሎንዶን ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ በመጨረሻም ፖርቱጋል ውስጥ በግል ሰዎች እጅ ገባ።

አሁን ደግሞ ሌላውን አስቀማጭ እንመልከት። በኔዘርላንድ በስደት ይኖሩ የነበሩ ሲራክ አስፋው የተባሉ ኢትዮጵያዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ከቤታቸው ባረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አንድ ዘውድ አገኙ። ዘውዱ በትግራይ ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጠፋ ነበር። ለውጭ አገር ባለሥልጣኖች ቢሰጡት እዚያው ይቀራል፣ ወደ አገር ቤት ቢልኩት እንደገና ይጠፋል ብለው ስለ ሠጉ 21 ዓመት ሸሽገው አቆዩት። ሊሸጡት ቢፈልጉ ገዢ አይታጣም ነበር፤ አልሸጡትም። ጊዜው ደረሰ ብለው ሲያምኑ አወጡት፤ ዘውዱም በየካቲት 2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች አስተያያቸው። ሁለቱም የሌላ ሰው ዕቃ በእጃቸው ገባ፤ ሁለቱም ሳይሸጡ አስቀመጡ፤ ሁለቱም ለረጅም ዘመን ሸሸጉ። ሥራቸው በውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ነው። ነገር ግን አንደኛው ዕቃውን ከባለቤቱ ሸሸገው፤ ሁለተኛው ግን ለባለቤቱ ሸሸጉት። ማስቀመጥን በደል ወይም በጎ ሥራ የሚያደርገው ይህ ብቻ ነው። መሸጥም እንዲሁ ነው። ከመቅደላ የተወሰዱ አንዳንድ ዕቃዎች በእንግሊዝ አገር ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ የኢትዮጵያ መንግሥት እንዲቀር ጠየቀ፤ ሼሄራዛድ የተባለ ድርጅትም ዕቃዎቹን ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ለኢትዮጵያ አስረከበ። በዚያ ጊዜ ሻጩም ገንዘቡን አገኘ፤ ዕቃውም ወደ አገሩ ገባ። ስለዚህ «ልሽጥ ወይስ ላስቀምጥ?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ይህ የማን ነው? የማደርገውስ ለማን ብዬ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ ዕቃው ሁሉ በየወገኑ ይለያል። አንዳንዱ ለአገልግሎት ብቻ የተሠራ ነው፤ ዋንጫውን የሚጠጣበት፣ ሙዳዩን የሚይዝበት ሰው ካገኘ ነጋዴው ያለ ሐሳብ ይሽጠው። ሲሸጥ ግን እውነቱን ይናገር። በማርትሬዛ ብር ላይ 1780 የሚል ቍጥር አለ፤ ይሁን እንጂ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ብሩ በዚያው ቍጥር ለብዙ ዘመን ስለ ተመታ፣ ቍጥሩን እያሳዩ የዚያ ዘመን ነው ብሎ መማል ገዢን ማታለል ነው። አዲሱን ሥዕል በጭስ አጥቁሮ ጥንታዊ ነው ማለትም ከዚህ አይለይም።

ሌላው ዕቃ የጋራ ነው። ብዙ የብራና መጽሐፍ የሰጠውን ሰውና የተሰጠበትን ቤተ ክርስቲያን ስም ጽፎ ይዟል፤ የሚሰርቀውንና ጽሕፈቱን የሚፍቀውን ያወግዛል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ባለቤቱን በራሱ አፍ ይናገራል። ስሙ ተፍቆ ከተገኘ ደግሞ መፋቁ ራሱ ምስክር ነው። ነጋዴ ይህን ሊሸጥም ሊያስቀምጥም አይችልም፤ መመለስ ብቻ ነው ያለው። የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209/1992ም ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘም ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ቢሆንም ሕግ የማያየው ብዙ ጓዳ አለ፤ በዚያ ጓዳ የሚጠብቀን ኅሊናችን ነው።

ሦስተኛው እንደ ባልቴቷ ድሪ ያለው ነው። ነጋዴው በገንዘቡ ገዝቶታልና ሌባ ሊባል አይገባውም። «እኔ አላስገደድኋቸው፤ የተስማማነውን ከፍያለሁ» ቢል አነጋገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነቱ ሙሉ አይደለም። ዋጋውን የወሰነው የድሪው ክብር ሳይሆን የሴትዮዋ ረኃብ ነበረ። በሌላው ችግር የተገኘ ትርፍ የሁለት ሰው ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንጥረኛው እሳት ውስጥ ከመክተቱ፣ ወደ ከተማም ከመውሰዱ በፊት፣ አዝመራው እስኪገባ ቢያቆየውና «እናቴ፣ ያ ድሪ አሁንም እኔ ዘንድ አለ፤ ቢፈልጉት በከፈልሁት ላይ ለድካሜ ጥቂት ጨምረው ይውሰዱት፤ ባይፈልጉት እውነተኛ ዋጋው ይህን ያህል ነውና ከትርፉ ድርሻዎን ልስጥዎ» ቢላቸው ምን ይጐዳል? ከትርፉ ጥቂት ይቀንስበታል። በምትኩ ግን በአራቱም ገበያ የሚታመን ሰው ይሆናል፤ በሚቀጥለው ክረምት የቸገረው ሁሉ ንብረቱን ይዞ የሚመጣው ወደርሱ ነው።

አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት የሰው ወርቅ ብርሃን ስለሌለው አይደለም፤ ያጌጠበት ሰው ባለቤቱ በመጣ ቍጥር አንገቱን መሸፈን ስላለበት ነው። በእጅህ የገባውን ዕቃ ባለቤቱ ቆሞ ቢያይህ ሳታፍር የምታስቀምጠው ከሆነ አስቀምጠው፤ ሳታፍር የምትሸጠውም ከሆነ ሽጠው።