የናታን ታሪክና የምናነባቸው ልብ ወለዶች



በቅርቡ አንዲት የትምህርተ ክርስቶስ መምህርት አንድ ጥያቄ ይዘው ወደ እኛ መጥተው ነበር። የሚያስተምሯቸው ወጣቶች በተንቀሳቃሽ ስልክ እየተቀባበሉ የሚያነቡት ልብ ወለድ አለ። በታሪኩ ውስጥ አንድ ጎልማሳ አንዲት ወጣት አስተማሪ ይጠልፋል፤ እያለቀሰች በግድ ይደፍራታል፤ ከጥቂት ገጾች በኋላ ግን ትወደዋለች፤ ሠርግም ይደገሳል። መምህርቷ ይህ እንዴት ደስ ያሰኛል ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ከወጣቶቹ አንዱ «እትዬ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው፤ የተጎዳ ሰው የለም። አንዱ ቀይ ወጥ ሌላው አልጫ እንደሚወድ፣ የንባብ ነገርም እንዲሁ ነው» አላቸው። እርሳቸውም «አባ፣ ምን ብዬ ልመልስለት?» አሉን።

የወጣቱ ቃል በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ስለ ነፍሰ ገዳይ የጻፈ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይደለም፤ ያነበበውም እንዲሁ። እኛም ብንሆን በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን የፍልስፍናውን መጽሐፍ ከላይ፣ ልብ ወለዱን ከውስጥ አድርገን ያመሸንባቸው ቀናት ጥቂት አልነበሩምና፣ ድንጋይ ለመወርወር እጃችን ይከብዳል።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ረገድ ከረጅም ልምድ የተማረችው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1559 የወጣው የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር በሕግነት የጸናው እስከ 1966 ድረስ ነበር። የእንግሊዛዊው ካቶሊካዊ ደራሲ የግርሃም ግሪን «ኃይልና ክብር» የተባለው ልብ ወለድ ሰካራም የሆነና ልጅ የወለደ ካህን ታሪክ በመሆኑ፣ በ1953 በሮም ተነቅፎ ነበር። ይሁን እንጂ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1965 ደራሲውን ባነጋገሩት ጊዜ፣ በመጻሕፍቱ ቅር የሚሰኙ ካቶሊካውያን ሁልጊዜ እንደሚኖሩና እርሱ ግን ይህን ልብ እንዳይለው ነገሩት። ኃጢአትን መተረክና ኃጢአትን ማጣፈጥ አንድ አይደሉምና። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1963 ስለ መገናኛ ብዙኃን ባወጣው ድንጋጌ፣ የክፋት ሥዕል ሰውን በጥልቀት ለማወቅ ሊጠቅም እንደሚችል አምኖ፣ ከሥነ ምግባር ሕግ ውጭ ግን አላደረገውም።

ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ ስለ ሥጋ ምኞት ከመናገር አያፍርም። አምኖን በትዕማር ላይ የሠራውን (2ሳሙ. 13፥1-22) አንብቡ። በዚያ ምዕራፍ ትዕማር ትናገራለች። ትለምነዋለች፤ ነውሯን ወዴት እንደምትሸከመው ትጠይቀዋለች፤ የእርሱንም ውርደት ታሳየዋለች። እርሱ ግን በጉልበት ይበረታባታል። ከዚያም «ፍቅር» ያለው ነገር በአንድ አፍታ ከቀድሞው በሚበልጥ ጥላቻ ይለወጣል። አመድ በራሷ ላይ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ፣ እየጮኸች ስትሄድ አንባቢው አብሯት ይወጣል እንጂ ከአምኖን ጋር በእልፍኙ አይቀርም። ድርጊቱ በወጣቶቹ ልብ ወለድ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንባቢው ከማን ጋር እንዲቆም መደረጉ ነው።

«ልብ ወለድ ብቻ ነው» ለሚለው ግን የተሻለው መልስ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ይገኛል (2ሳሙ. 12፥1-13)። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት ገብቶ የነገረው ያልተፈጸመ ታሪክ ነበር፤ ያ ባለጠጋም፣ ያቺ የድሀው በግም በምድር ላይ አልነበሩም። ዳዊት ግን ተቆጣ፤ ፈረደም። ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ በተፈጠረ ሰው ላይ የሰጠውም ፍርድ በራሱ ላይ ተመለሰ። እንግዲህ በልብ ወለድ የተነሣው ቁጣ የዳዊትን ልብ ከገለጠ፣ በልብ ወለድ የሚነሣው ደስታችን ስለ ልባችን ምንም አይናገርም ማለት እንዴት ይቻለናል? ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ስናለቅስ ማልቀሳችንን እንደ ደግነት እንቆጥረዋለን፤ ስቃይዋ ሲጥመን ግን «ወረቀት ነው» እንላለን። በሁለት ሚዛን መመዘን ይህ ነው።

ወጡ ቀይም ሆነ አልጫ ማንንም አያስለቅስም። ጠለፋ ግን በሀገራችን የወረቀት ነገር ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ያ ቀዳዳ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ስንቱ «ፈቃድ» በሽማግሌ ጉትጎታና በወላጅ ኀፍረት የተገኘ እንደነበረ፣ ጋብቻ ስንባርክ የኖርን እናውቃለን። «ኋላ ትወደዋለች» የሚለው ቃል ከልብ ወለድ በፊት በሽማግሌዎች አፍ ነበር፤ ልብ ወለዱ ያደረገው ነገር ቢኖር ያንኑ ቃል ማጣፈጥ ነው።

ስለዚህ ለመምህርቷ ያልናቸው ይህ ነው፦ መተቸትስ ይተቹ፤ ነገር ግን መጽሐፉን እንጂ ልጁን አይደለም። ናታን በአደባባይ አልጮኸም፤ ወደ ሰውዬው ገብቶ ተናገረ፤ ፍርዱንም ዳዊት በራሱ አፍ እንዲሰጠው አደረገ። የወጣቶችን ስልክ መበርበር፣ በጉባኤ መካከል ስም ጠርቶ ማሳፈር፣ ልጁ ያነበበውን እንደ ፈጸመው መቍጠር የእረኛ ሥራ አይደለም። በልብ ውስጥ የሚታገለውን ለምስጢረ ንስሐ እንተወው፤ በዚያ የሚሰማ አለ።

መምህርቷ በሚቀጥለው እሑድ የትዕማርን ምዕራፍ ለወጣቶቹ አስነበቡ። ሲጨርሱ፣ ከኋላ ተቀምጣ የነበረች፣ ብዙ የማትናገር አንዲት ልጅ «በእኛ መጽሐፍ ውስጥስ ጠለፋው ከተፈጸመ በኋላ አስተማሪዋ ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። ያ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። ከጠለፋው እስከ ሠርጉ ድረስ ገጽ በገጽ ሲያልፍ ሁሉም ዝም ብለው ይጠብቁት ነበር። ያገኘው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ጠላፊው ተናገረች ብሎ ለጓደኛው ያወራው ነበር።